ግዕዝ ተምሮ የተመረቀው ኮምፒውተር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለጓደኞቼም አልነገርኩም፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ረስቼው እንዳይመስላችሁ። የበደልኳቸው ሰው ራሳቸው ንስሐ አባቴ ስለሆኑ ነው። በየጾሙ መግቢያ እፊታቸው ቁጭ እልና ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የሻርኩበትን ቀን ሁሉ እዘረዝራለሁ። እሳቸውም መስቀላቸውን እንደያዙ "የቀረ አለ፣ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም "የለም፣ የኔታ" እላለሁ። ስለዚህ የማታውቁኝ ሰዎች፣ ለጊዜው እናንተ ስሙኝ። እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ሳቁ። እኔም ስጽፈው አልፎ አልፎ ያስቀኛል። ቢያስቅም ግን በደል ነው።

የሻረግ እባላለሁ፤ የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ በኮምፒውተር ጥገና ተቀጥሬ ባሕር ዳር ስገባ ሽምብጥ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ እትዬ ውድነሽ አስተማሪ ናቸው። በዚያው ግቢ አባታቸው የኔታ ጥበቡ ይኖራሉ። የኔታ ደቅ ደሴት ተወልደው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ቄስ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለመጣ ነው ልጃቸው ዘንድ የተጠጉት። በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ፣ ሲስቁ ደግሞ ጎረቤት የሚሰማቸው ሰው ናቸው።

የኔታን አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃቸው ነበር። የሞቱት መምህራቸው የተቀኟቸው ቅኔዎች የትም አልተጻፉም፤ ያሉት በየኔታ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። "ዓይኔም ልቤም አብረው ሳይከዱኝ" እያሉ በኮምፒውተር ሊጽፏቸው ተነሡ። ድሮ ቤተ ክህነት ጽሕፈት ቤት ሲሠሩ በአንድ አሮጌ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም መተየብ ተምረዋል። ፊደሉን በዓይናቸው አይፈልጉትም፤ ጣታቸው ያውቀዋል። ሌላ መጻፊያ ብንሰጣቸው እንደገና ከሀ መጀመራቸው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዓይኑም ጊዜውም አልነበራቸውም። ያ ፕሮግራም ግን እትዬ ውድነሽ በገዙላቸው ኮምፒውተር ላይ አልከፈት አለ። የሚሠራው በአሮጌው ዊንዶውስ ብቻ ነበር።

ይኸኔ እኔ ደረቴን ነፍቼ ብቅ አልኩ። "ችግር የለም፣ ቨርቹዋል ማሽን እጭንልዎታለሁ" አልኩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማኖር ነው፤ ውጭው አዲስ ውስጡ አሮጌ ይሆናል ብዬ አስረዳኋቸው። የኔታ ጭናቸውን መቱ።

"ገባኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ውጩ ቅኔ ማኅሌት፣ ውስጡ መቅደስ!"

ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። ዛሬም ኮሌጅ ውስጥ ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

አሁን ስሕተቴን ስሙኝ። በሙያችን የውጭው ኮምፒውተር አስተናጋጅ፣ የውስጡ እንግዳ ይባላል። ስንጭነው አንድ ቦታ ላይ "ከፕሮሰሰሩ ምን ያህሉን ለእንግዳው ልስጥ?" ብሎ ይጠይቃል። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ የሥራ ጉልበት ነው በሉት። የሚጎተት መስመር አለው፤ መጀመሪያው አረንጓዴ፣ መጨረሻው ቀይ። እኔን ያሳደገችኝ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ አልጋዋን ለቃ መሬት የምትተኛ፣ የወጡን ሥጋ ለእንግዳ አውጥታ እኛን መረቁን የምታበላ ሴት ናት። "እንግዳ" የሚለውን ቃል ሳይ እጄ ራሱ ሄደ። እስከ መጨረሻው ጎተትኩት፤ አረንጓዴውን አልፎ ቀዩ ላይ ቆመ። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። አላነበብኩትም።

የኔታ ሥራ ጀመሩ። አንዱን ስንኝ በዜማ እየተወዛወዙ ይሉትና ቁጭ ብለው ይተይቡታል። ፊደሉ ግን አይመጣም። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ እንደ ገበያ በግ እየተገፋ አንድ በአንድ ይወጣል። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ ፋን ያጓራል። ጉልበቱ የት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ብከፍት ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ ተይዟል። አቧራውን አራገፍኩ፤ ቫይረስ ፈለግኩ፤ ክፍት የነበረውን ሁሉ ዘጋሁ፤ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ ያው መስመሩንም እንደገና እስከ ጥግ ጎተትኩት። ያው መቶ በመቶ። የኔታ ከኋላዬ ቆመው፣

"የሻረግ፣ ምን ሁኖ ነው እንዲህ የሚያጓራ?" አሉኝ።

"አላውቅም" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ገና ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርኩ፤ ያቺን ቃል ከአፌ ማውጣት አቃተኝ። እንዲህ አልኩ፦ "የኔታ፣ ግዕዙ ከብዶት ነው።"

ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሳቁ፤ እትዬ ውድነሽ ከጓዳ እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። "እንኳንስ እሱ፣ እኔም ከብዶኝ ነበር! እኔም መምህሬ ፊት እንዲሁ አጓርቻለሁ!" አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ዞረ። ቅኔ የከበደውን ኮምፒውተር ለማየት ካህናቱ እየተጠራሩ መጡ። ከጢስ ዓባይ አንድ የድሮ ደቀ መዝሙራቸው በሚኒባስ መጥቶ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ፋኑን አዳመጠና "ወይ ጉድ!" ብሎ ተሳለመው። የኔታ ደግሞ አዘኑለት። ጭራቸውን ይዘው ያራግቡለት ጀመር። አንድ ቅኔ ከጻፉ በኋላ "ይረፍ፤ ተማሪ አይጨናነቅም" ብለው ያጠፉታል። እኔንም በመንገድ ሳልፍ ሰዎች ቆም ብለው ሰላም ይሉኝ ጀመር። የግዕዙን ኮምፒውተር የምታክመው ልጅ ሆንኩ። ደስ አይበለኝ? በጣም ደስ አለኝ እንጂ።

እስከዚህ ድረስ አላዋቂ ነበርኩ፤ ላለማወቄ ማንም ይቅር ይለኛል። በደሌ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰኔ ላይ ኮሌጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ያንኑ ዓይነት ማሽን ስጭን፣ ከቀዩ መስመር ሥር ያለችውን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኳት። ለእንግዳው ሁሉን ከሰጠሽ አስተናጋጁ ምንም አይቀረውም ትላለች። ክው አልኩ። ለካ የሚተየበውን ፊደል ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሻግረው፣ ስክሪኑ ላይ የሚያወጣውም አስተናጋጁ ነው። እኔ እሱን አራቁቼዋለሁ። ራሱ ተርቦ ማንን ያስተናግድ? እዚያው ሞከርኩት፤ እስከ ቀዩ ስጎትተው አጓራ፤ መስመሩን ወደ ግማሽ መለስኩት፤ ያበደው ማሽን እንደ ሕፃን ጸጥ አለ። ሰው ባይኖር እስክስታ እወርድ ነበር። በባጃጅ በሐይቁ ዳር ስመለስ ለየኔታ የምነግራቸውን እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ግቢ ስደርስ የኔታ እንግዶች ይዘዋል። ታሪኩን እያወሩ ነው። ድምፄን ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ይችውላችሁ! ከብዶት ነው ብላ የነገረችኝ ይች ናት!" አሉ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ቁጭ አልኩ። የቀረበልኝን በላሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ዛሬ ባስተካክለው "ግዕዙ እንዴት በአንድ ጊዜ ቀለለው?" ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ነገው ክረምቱን ሙሉ ሆነ። መድኃኒቱን አውቀው ነበር። እያወቅኩ ዝም አልኩ። የዚያ የደጉ ሰው ዓይን በየቀኑ እየደከመ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግተው የዘገየ ፊደል ሲጠብቁ በመስኮት እያየሁ ዝም አልኩ። ለምን? እንዳይስቁብኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው የኔታ ከረጃጅሞቹ ቅኔዎች አንዱን ይጽፉ ነበር። መምህራቸው ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት እሷን ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ደረቀ። የተየቡት ገባ አልገባ ማየት አልቻሉም። ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ፊደሉ ሲወጣ ቀና አሉ። መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። ከመጀመሪያው አንሥተው በዜማ አሏት፤ እዚያው ስትደርስ ተቆረጠች።

"ሄደች" አሉ። ቀጥለውም ለእኔ አዝነው መሰለኝ ሳቅ ብለው፣ "ግድ የለም፤ ትመለሳለች" አሉኝ።

አልተመለሰችም።

በማግስቱ፣ ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለነበረ፣ የኔታ ቅዳሴ ሄዱ። ክፍላቸው ገባሁ። እንግዳውን አጠፋሁ፤ መስመሩን ወደ አረንጓዴው መለስኩ፤ አበራሁት። ውኃ ጠጥቶ ብርጭቆ የማስቀመጥ ያህል ጊዜ ነው የፈጀብኝ። ክረምቱን ሙሉ የነፈግኳቸው ይህችን ታህል ነበር። ሲመለሱ ቁጭ ብለው መተየብ ጀመሩ፤ ወዲያው አቆሙ። ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አደረጉ። "ሞተ እንዴ?" አሉ። እንደገና ነካኩት፤ ፊደሉ ከጣታቸው እኩል ወጣ።

"ውድነሽ! ነይ! ለመደው! ግዕዙን ለመደው!"

እነሆ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። "የለም፣ የኔታ፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር" ማለት እችል ነበር። ወደ እኔ ሲዞሩ ፊታቸው እንዲህ በርቶ ምን አልኩ? "አዎ፣ የኔታ፤ ለመደው" አልኩ። ሁለተኛው ውሸቴ ይህ ነው።

ጾሙ ሲፈታ የኔታ ድግስ ደገሱ። ተማሪ ቅኔ ሲቀኝ ይደገስለታል፤ ይኸም ተማሪዬ ነው አሉ። ጠላው ተጠመቀ፤ ዶሮው ተሠራ፤ ስክሪኑ ላይ ቄጠማ ታሰረለት። የኔታ ለኮምፒውተሩ ምርቃት ራሳቸው ቅኔ ተቀኙለት፤ ካህናቱ "ይበል! ይበል!" እያሉ አጨበጨቡ። እኔ በክብር ቦታ ተቀምጬ ፈረሰኛው ለእኔ ወጣልኝ። በላሁት። ተነሥቼም ጨፈርኩ። ሁሉን ልናገር ካልኩ ይህንንም ልናገር፦ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በመጨረሻም እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ እኔም "አሜን" አልኩ። የማይገባኝን ምርቃት ተቀበልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም በደስታ ሄደ። ቅኔዎቹ አለቁ፤ መጽሐፉ ታተመ። የኔታ ዓይናቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ማየት ጀመሩ፤ ፋሻው እንደተነሣ እኔን አይተው "እንዲህ ነሽ እንዴ! በድምፅሽ ባልቴት ትመስይኝ ነበር!" ብለው አሳቁን። ንስሐ አባቴም የሆኑት ያን ጊዜ ነው፤ ጠይቀውኝ እንቢ ማለት ከየት ይመጣል? ስንገናኝ ሁልጊዜ "ተማሪያችን እንዴት ነው?" ይሉኛል።

መጽሐፉ ውስጥ ግን አንድ ገጽ አለ። ያቺ ረጅም ቅኔ አለችበት፤ የመጨረሻው መስመር ባዶ ነው። አታሚው ሊያጠብበው ሲል የኔታ ከልክለውት ነው። "ተወው፤ የመጣች ቀን ቦታ እንዳታጣ" አሉት። አንባቢው የማተሚያ ቤት ግድፈት ይመስለዋል። እኔ አውቃለሁ። የእኔ ግድፈት ነው። አንድ መምህር ዕድሜውን ሰጥቶ ያወረሰውን፣ አንድ ተማሪ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን እኔ መስመር መልሶ መጎተት አፍሬ አጠፋሁት።

ሰሞኑን መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። የኔታ ትናንት ጠሩኝ። "መግቢያው ላይ የኮምፒውተሩ ነገር ይግባ፤ ግዕዝ እንደ ከበደው፣ ኋላም እንደ ለመደው ጻፊልኝ። ምስክሯ አንቺ ነሽ" አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሐይቁ ዳር ደርሼ ቁጭ ስል ነው የገባኝ። ውሸቴ በመምህራቸው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከዚያች ባዶ መስመር ጋር በአንድ ጥራዝ ሊታሰር ነው። እስከ ዛሬ በዝምታ ችዬው ነበር፤ በቀለም ሲሆን ግን አልቻልኩም።

እንግዲህ የኔታ፣ ያዘዙኝ ገጽ ይኸው። ሌላ አልጽፍም። ልጅነቴን ምክንያት አላደርግም፤ ክረምቱን ሙሉ ልጅ አልነበርኩም። እናቴንም አላሳብብም፤ እሷ ለእንግዳ ስትሰጥ ከራሷ ቀንሳ ነው፣ እኔ ግን የቀነስኩት ከእርስዎ ነው። ከፈለጉ ይሳቁ፤ ሳቅዎ ሽምብጥን ሁሉ ቢያዳርስ እወዳለሁ። ቀኖናዬን ሲሰጡኝ ግን አይራሩልኝ፤ ስግደቱን እስከ ቀዩ ድረስ ይጎትቱት። ምርቃቱንም መልሰው ይውሰዱት፤ ከወደዱ ደግሞ ይህን ካነበቡ በኋላ እንደገና ይስጡኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ። እፊትዎ ቁጭ እላለሁ፤ እርስዎም እንደ ወትሮው መስቀሉን ይዘው "የቀረ አለ፣ ልጄ?" ይሉኛል።

አዎ፣ የኔታ። አንድ መስመር ቀርቷል።