ይቅር ብያለሁ፣ ክሴን ግን አልተውም

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ስለ እጄ ልመሰክር ነው የቆምኩት። ጌታሁን እባላለሁ። አብዛኞቻችሁ የዘነበች ባል እያላችሁ ነው የምታውቁኝ። ፈውስህን ተናገር ተብያለሁ፤ እናገራለሁ። ግን እንደመጣልኝ ነው የምናገረውና ታገሱኝ።

እዚሁ ሮቢት፣ በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ያኔ ጌታን አላውቀውም። ዘነበች እሁድ ወደዚህ ስትመጣ፣ ጩኸትሽን ጨርሰሽ ነይ እያልኩ እስቅባት ነበር። የምመካው በጉልበቴ ነበር።

አሠሪዬ ጋሽ መኮንን ቆጣቢ ናቸው። የትልቁ ማሽን መቁረጫ ዲስክ ተበልቶ ሲያንስ አይጥሉትም፤ በእጅ የምትያዘው ትንሿ መቁረጫ፣ ግራይንደሯ ላይ ያስገጥሙታል። ትንሿ ላይ ደግሞ መከላከያ ክዳኗ ካልተፈታ አይገባም። ክዳኑን በገዛ እጃቸው ፈትተው መደርደሪያ ላይ ጣሉት። ጋሼ፣ ይሄ ነገር አያምርም ብላቸው፣ ስንት ዘመን የሠራንበት ነው፣ ፈሪ ሁላ አሉኝ። እኔም እንጀራዬ ነውና መቁረጤን ቀጠልኩ።

የሮቢትን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ስቆርጥ ዲስኩ ፈነዳ። ግራይንደሯ አፈትልካ ብረቱን የደገፍኩበት ግራ እጄ ላይ ወጣች። ያው ታዩታላችሁ፣ አውራ ጣቴና ትንሿ ጣቴ ብቻ ናቸው የቀሩት። አብሮኝ የሚሠራው ሰኢድ፣ የጀውሃ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ አንገቱ ላይ ባለው ፎጣ ጠቅልሎ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ። ጋሽ መኮንን አልመጡም። በሩን ደንበኛ ሊወስደው ነው፣ ደሙን እጠቡት ማለታቸውን በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላኩኝ። የጣርማ በርን ዳገት እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እዚያ ተኝቼ ቁስሉ አመረቀዘ፣ ትኩሳት ያዘኝ። ሐኪሙ ዘነበችን ጠርቶ፣ "እናቴ፣ ቁስሉ ካልተመለሰ እጁን ከአንጓው እንቆርጠዋለን" አላት። እኔ እሰማለሁ። እጄን ከእሷም ደብቄ ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

እሷ ተንበርክካ ጸለየች፤ ከዚያ ጌታ ከሞት ተነሥቶ ለቶማስ እጁን ያሳየበትን አነበበችልኝ። ወገኖቼ፣ ያኔ አንድ ነገር ውስጤ ተሰበረ። ሞትን ያሸነፈ ጌታ የምስማር ቁስል ማጥፋት ያቅተዋል? አያቅተውም። ግን አልደበቀውም፤ እይ አለው። አለቀስኩ። ጌታ ሆይ፣ አንተ እንዲህ ከሆንክ ተከትዬሃለሁ አልኩት። ጠዋት ሐኪሙ ፈታትቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ ተመልሷል፣ አንቆርጥም አለ። ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን!

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይላችሁ ነበር፤ አውቃለሁ።

ስመለስ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አመለከትኩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሲያይ ክዳኑ ቦታው ላይ ተገጥሟል። ጋሽ መኮንን፣ እሱ ራሱ ፈትቶት ነው የተቆረጠው አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች መሬት መሬት አዩ። ሰኢድ ብቻ፣ "ጋሼ፣ አላህን ይፍሩ። የፈቱትም እርስዎ፣ የገጠሙትም እርስዎ" አላቸው። በማግስቱ አባረሩት። አሁን ሽንኩርት ይጭናል፤ ወገቡን ይዞ ሲሄድ አየዋለሁ።

ከዚያ ጋሽ መኮንን ሽማግሌ ላኩብኝ። ከመካከላቸው አንዱ የኛው ጋሽ ተረፈ ነበሩ፤ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ ቤት ገብተው አልቀመጥም አሉ። "ልጄ፣ አማኝ ነህ። ይቅር በልና እንቀመጥ" አሉኝ። ሽማግሌ አቁሞ መመለስ በአገራችን ነውር ነው። ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ውጭ የቆሙትን ጋሽ መኮንንን አስገቧቸውና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

ጋሽ መኮንን ከእኔ ቤት ወጥተው የት ሄዱ መሰላችሁ? ቢሮ። ክሱ በሽምግልና አልቋል ብለው አስመዘገቡ። እኔ ስሄድ ባለሙያዋ፣ ታርቃችኋል እኮ፣ ምን ቀረህ አለችኝ። እጄን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አየችውና፣ ሽማግሌዎቹ እርቁ ለቂም እንጂ ለካሣ አይደለም ብለው ይናገሩልህ አለች። ጋሽ ተረፈ ዘንድ ሄድኩ። በሰው ጉዳይ አልገባም አሉኝ። ጋሽ ተረፈ፣ በማስታረቁ ጊዜ ገብተው ነበር እኮ! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱ ስል አድጌ ነው እንጂ ልቤ ቆስሏል።

ዛሬ ጠዋትም ጋሽ ተረፈ በር ላይ ይዘውኝ፣ ምስክርነትህን ስትጨርስ ጉዳዩን ለጌታ ትቼዋለሁ በል አሉኝ። አልልም። ቂሜን ለጌታ ሰጥቻለሁ፤ ጋሽ መኮንንን በመንገድ ሳገኛቸው ሰላም እላቸዋለሁ። ነገር ግን ክዳኗ እንደገና ተፈትቶ ማሽኗ ሌላ ሰው እጅ ውስጥ ናት። ይሄን ተው ያለኝ ጌታ የለም።

ጌታን ገና የማታውቁ፣ እመኑት። ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ እሱ አልሸሸኝም። ዛሬ ልጄን በዚህ ባለ ሁለት ጣት እጄ አቅፌ አመሰግነዋለሁ፤ ያለቀስኩበት ቀን እንኳ ብቻዬን አልነበርኩም። የተጎዳ ካለ ወደ እሱ ይምጣ፤ እፍረታችሁን ያነሣል።

ጉዳዬ ዓርብ ጠዋት ይታያል። ሰኢድ የቀን ሥራውን ትቶ ይመጣል። ቅዱሳን፣ እግዚአብሔር የእውነት አምላክ ነው፤ አሜን?

አሜን ያላችሁ ሁሉ፣ ዓርብ ቢሮው በር ላይ እጠብቃችኋለሁ።