የልጅ ልጄ ስንዝር

ይህን የምጽፈው አንድ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ ብዬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ዴስኩን በእጇ የለካችው የልጅ ልጄ ብቻ ሆና ሳለ፣ ኤክስ የተሰጣትም እሷ ብቻ ናት። ሳይለኩ የጻፉት በሙሉ ራይት ተሰጣቸው።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ። ቀኑን ግን ሰሌን ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ አንዳንዴ ባቲ፣ አንዳንዴ ጨፋ ሮቢት፣ ጉልበቴ ከደከመ ወዲህ እዚሁ ከሚሴ። አድልዎን ለማወቅ ደግሞ ክፍል መቁጠር አያስፈልግም። አምስት ልጅ ላሳደገ ሰው አንድ ዳቦ መቁረስ በቂ ትምህርት ነው።

ስለ መምህሩ እውነቱን ልናገር። ገና ወጣት ነው፣ ከደጋ አገር በቅርብ የመጣ፣ ቁመቱ በር የሚነካ። ልጆቹን ዝም ብላችሁ ገልብጡ የሚል አይደለም። የሦስተኛ ክፍል ልጆች መደመርን በቆርኪ እንዲማሩ ስላደረገ፣ በሰፈራችን ካለው ሱቅ ደጃፍ አንድ ቆርኪ እንኳ አልተረፈም። ባቄላ በጥጥ ላይ አብቅለዋል። የወንዝና የተራራ ቅርጽ በጭቃ ሠርተዋል፤ በዚያን ቀን የልጅ ልጄ የገባችው ተራራውን ራሷ ላይ ተሸክማ ይመስል ነበር። ተቆጣሁ፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው የተቆጣሁት። እኛ በዱላ የተማርነውን እነዚህ እየተጫወቱ ያውቁታል።

ከዚያ ልኬት መጣ። ዕቃን በስንዝር መለካት፤ እኛ ቤት ታኩ ነው የምንለው። ልጅቱ ያንን ሳምንት እጇ አላረፈም። በሩን ለካች፣ አልጋውን ለካች፣ ፍየሏን ከቀንድ እስከ ጭራ ስትለካ ግማሽ መንገድ ላይ ተረገጠች። አንድ ቀን ሱጁድ ላይ ሳለሁ ጀርባዬ ላይ ትናንሽ ጣቶች ሲራመዱ ተሰማኝ። ሶላቴን ጨርሼ ስዞር፣

«አኮ፣ ጀርባሽ አምስት ስንዝር ነው» አለችኝ። አኮ ማለት በእኛ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«አላህን እየለመንኩ እኔን ትለኪኛለሽ?»

«ታዲያ ሌላ ጊዜ መች ትቆሚያለሽ?»

እውነቷን ነው። ሰሌኔን ስትለካም አየኋትና አለካኩን አሳየኋት። «አውራ ጣትሽን እዚህ አድርጊ፣ ከዚያ እንዲህ እያልሽ ሂጂ» አልኳት። ቶሎ ያዘችው።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ገብታ ምንም ነገር ሳትለካ ተቀመጠች። ይህ አስፈራኝ። ደብተሯን ገለጥኩት። «የዴስኩ ርዝመት ስንት ስንዝር ነው?» ይላል ጥያቄው። አስራ ሁለት ብላ ጽፋለች። በቀይ ኤክስ ተደርጎ አጠገቡ ሰባት ተብሎ ተጽፏል።

«ሰባት ያለው ማነው?»

«ሁሉም። ቲቸርም። አስራ ሁለት ያልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ቲቸር ሲያነበው ሳቁብኝ።» ከዚያ እጇን እያየች፣ «እጄ ልክ አይደለም አኮ» አለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት ከጓሮ ስመለስ ጣቶቿን በበሩ መቃን ላይ ዘርግታ፣ በሌላው እጇ አውራ ጣቷን እየጎተተች አገኘኋት። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያረዘምኩት ነው። ሰባት እንዲመጣ።»

ለመሳቅ አፌን ከፈትኩ፣ ሳቁ ግን አልወጣም። መምህሩ ሲጠይቅ እጇን ማውጣት እንዳቆመች፣ ጭኗ ሥር ሸጉጣው እንደምትቀመጥም የዚያኑ ቀን ነገረችኝ። ኤክሱስ ቀለም ነው፣ ይለቃል። የስምንት ዓመት ልጅ በገዛ እጇ ስታፍር ግን እኔ ቤቴ አልቀመጥም። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ በባጃጅ ተሳፈርኩ።

በር ላይ ጥበቃው ቆመብኝ። «እናቴ፣ ወላጅ የሚገባው በወላጅ ቀን ነው።»

«እኔ ወላጅ አይደለሁም፣ የወላጅ ወላጅ ነኝ። የእኔ ቀን መቼ ነው?»

ሲያስብ እኔ ገባሁ።

ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ «አካም ቡልታን!» ብዬ እንዴት አደራችሁ ስል ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ነጋ!» አሉ። የልጅ ልጄ አንገቷን ዴስክ ውስጥ ልትከት ደረሰች። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ መጣ።

«ደህና መጡ እናቴ። ምን ልታዘዝ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ይህ ዴስክ ስንት ስንዝር ነው?»

«ሰባት።»

«በማን እጅ?»

«መልሱ ሰባት ነው፣ እናቴ። ሁሉም ልጆች ሰባት ብለዋል።»

«ስንት ሰው ሰባት አለ አላልኩህም። በማን እጅ ነው ያልኩት።»

ፈገግ አለ። «እናቴ፣ ይህ እኮ የሦስተኛ ክፍል ጥያቄ ነው።»

«አትስጋ፣ እኔ አራተኛ ደርሻለሁ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ያኔ ስለ ባቲ ገበያ ነገርኩት። እናቴ ጨርቅ በክንድ ስትገዛ ክንደ ረጅሙን አጎቴን ይዛ ትሄድ ነበር። የራሷን ስትሸጥ ደግሞ አጎቴን ቤት ትታ አጭሯን አክስቴን ነበር የምትወስደው። ሁለቱም ያው ክንድ ነው የሚባለው። «አሁን ያንተ እጅ ከእነዚህ ሕፃናት እጅ ጋር እኩል ከሆነ፣ እኔ ይቅርታ ጠይቄህ እሄዳለሁ። ይለኩና እንይ» አልኩት።

ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ እሺ አለ። ክፍሉ ገበያ ሆነ። አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ፣ ክርን እየተጋፋ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጣት በጣት ዴስኩ ላይ ሄዱበት።

«ዘጠኝ!»

«አስር!»

«ቲቸር፣ አስራ አንድ ነው! እሱ ጣቱን እያንሸራተተ ነው ዘጠኝ ያለው!»

«አላንሸራተትኩም፣ እጄ ትልቅ ነው!»

እኔም ሞከርኩ፤ ጣቶቼ በቁርጥማት ስለተቆለመሙ ስምንት ላይ ደረስኩ። ሰባት ያለ አንድም አልተገኘም።

መምህሩ ግራ ገብቶት፣ «ታዲያ ያኔ ሰባትን ከየት አመጣችሁት?» አለ።

ከፊት የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ሲያሳዩን ለክተው ሰባት አሉ እኮ» አለች። «እኔ እሱን ነው የጻፍኩት።»

«እኔ ከእሷ ነው ያየሁት።»

«እኔም ከእሱ።»

እንዲህ ሲባባሉ ነገሩ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተገለጠ። በዚያ ቀን ከልቧ ዴስኩን የለካችው አንዲቷ ብቻ ነበረች።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነይ ለኪ» አልኳት። እጇን ከጭኗ ሥር አውጥታ እየተጎተተች መጣች። መለካት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ዓይኔ አንድ ነገር ያዘ። አንዱን ስንዝር ጨርሳ ሌላውን ስትጀምር፣ አውራ ጣቷን መሃል ጣቷ ያረፈበት ጫፍ ላይ አታሳርፈውም። ወደኋላ ትመልሰውና ከመሃል ጣቷ አንጓ ትጀምራለች። ይህ የሻጭ ስንዝር ነው። ሰሌን ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየስንዝሩ አንድ አንጓ እየተሰረቀ አስር ስንዝሩ ሰሌን አስራ ሁለት ይሆናል። ሰሌኔን ስትለካ ያሳየኋት ይህንኑ ነው። እጄ ከመልመዱ የተነሳ ምን እያስተማርኳት እንደሆነ እንኳ አላስተዋልኩም።

«አስራ ሁለት» አለች ቀስ ብላ።

ዝም ብል ማንም አያስተውልም ነበር። ግን በሌላው ላይ የምጮኽበትን ፍርድ በራሴ ላይ ልተወው?

«አስተግፊሩላህ!» አልኩ። «መምህር፣ ቆይ። የዚህች ልጅ እጅ ንጹሕ ነው፣ አለካኳ ግን የእኔ ነው። የገበያ ስንዝር አስተምሬያታለሁ።» አውራ ጣት እንዴት ወደኋላ እንደሚመለስ ለሁሉም አሳየኋቸው።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ከኋላ አንዱ፣ «እናቴ ለዚህ ነው ከእርስዎ ሰሌን አልገዛም የምትለው!» ብሎ ጮኸ። እናቱን አውቃታለሁ፤ ስትከራከር ከእኔ ትብሳለች።

የመምህሩ ነፍስ መለስ አለች። «እንግዲያው እናቴ፣ ኤክሱ ልክ ነበራ!»

«ግማሹ ልክ ነው። ግማሹን ኤክስ በእኔ ስም ጻፈው፣ እቀበላለሁ። የቀረው ግማሽ የማን እንደሆነ አሁን እናያለን።» ወደ ልጅቱ ዞርኩ። «በይ፣ የኔን እርሺው። ጫፍ ለጫፍ አድርገሽ ለኪ።»

እንደገና ጀመረች። ክፍሉ አብሯት ቆጠረ። ዘጠኝ ሲሉ ትንሽ ቀረ፤ አስር ሲሉ መሃል ጣቷ የዴስኩን ጠርዝ ነካ።

«አስር!» አለች። እጇን ከዴስኩ ሳታነሳ፣ ጣቶቿን እንደዘረጋች ዞራ ሁሉንም አየቻቸው። ያቺ ጥርሰ ወላቃ ልጅ መጥታ እጇን ከእጇ ጎን አሳረፈች። እኩል ነበሩ።

እኔ ግን የመጣሁበትን አልረሳሁም። «መምህር» አልኩ፣ «መልሷን ስህተት ነው ብለህ ያነበብከው በእነዚህ ልጆች ፊት ነው። እኔም ጥፋቴን በእነሱ ፊት ተናግሬያለሁ። አንተም በእነሱ ፊት መልስልኝ። ሰባት በማን እጅ ነው?»

እጁን አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዴስኩ ላይ ከልጅቱ እጅ አጠገብ ዘረጋው። የእሷ ከእሱ መዳፍ ብዙም አልዘለለም። ልጆቹ እየተንጠራሩ አዩ፤ የሳቀ ግን አልነበረም።

«በእኔ እጅ ነው፣ እናቴ» አለ። «ጥያቄው ላይ እሱን መጻፍ ነበረብኝ። በእሷ እጅ አስር ነው።»