ከሳሽ አሉኝ

ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ደስታው እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሰው ነበርኩ። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "እናቴ፣ የሁለት ሰው ቦታ ነው የሚይዙት" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነበር። ስኳርና ደም ግፊትም ነበረብኝ። ጉልበቴ ስለማይሸከመኝ ከእናቶች መዘምራን መካከል ወንበር ላይ ተቀምጬ የምዘምረው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐኪሞች መከሩኝ። ጸለይኩበት። አዲስ አበባ ሄጄ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀነስኩ። ጌታ ይመስገን፣ በሰላም ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሰውነቴ መውረድ ሲጀምር ማን ያቁመው! ዛሬ ያስጠበብኩት ቀሚስ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ይሰፋኛል። ጫማ እንኳ ሰፋኝ፤ ለካ እግርም ይወፍራል። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ የቃል ኪዳን ቀለበቴ ወልቆ ሳሙናው አረፋ ውስጥ ገባ። ዓመታት ሙሉ አልወጣ ብሎኝ የነበረ ቀለበት! ፈልጌ ሳገኘው እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ግን አቅም አጣሁ። የጉልበቴ ሕመም ሲሄድ ብርታቴን ይዞት የሄደ መሰለኝ። ከአልጋ ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ መልሼ መተኛት ያምረኛል። ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ይመጣል። የልጄ የሠርግ ቀን ደግሞ ተቆርጧል። በዚያ ቀን የእናቶች መዘምራን ሊዘምሩ ነው፤ መዝሙሩን የምመራው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፦ በልጄ ሠርግ ቆሜ መዘመር። ቤት ውስጥ ስሞክር አዝማቹ ሳያልቅ ግድግዳ እይዛለሁ። "ጌታ ሆይ፣ ለዚያች ቀን አቁመኝ" እለው ነበር።

ለታላቅ እህቴ ግን ስለ ቀዶ ሕክምናው አልነገርኳትም። እናታችን ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ነው። ሆዴ ሊቀደድ ነው ብላት እንቅልፍ እንደማይወስዳት አውቃለሁ። "ትንሽ ሕክምና አለብኝ" ብዬ አለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ የተገናኘነው በስልክ ብቻ ነው።

አንድ ረቡዕ ከጾም ጸሎት ስመለስ ስልኬ ላይ የጽሑፍ መልእክቷን አገኘሁ።

"ከሳሽ አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ነገ ልምጣ?"

ደነገጥኩ። እህቴ በአጥር ምክንያት ከጎረቤቷ ጋር ተቀያይማ ነገሩን ሽማግሌዎች ይዘውት ነበር። እንግዲህ ከሳሽ ብለዋታል ማለት ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሳሹ ማን እንደሆነ የሰንበት ትምህርት ልጅ ያውቃል፤ ሰይጣን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታስታርቅ የኖረች ሴት!

ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው።

"ተነሺ፣ ቱላ እንሂድ" አልኳት ልጄን።

"እማዬ፣ አሁን ከበሩ እስከ ሶፋው ደግፌሽ አይደል እንዴ የገባሽው?"

"እህቴን ሰይጣን ብለዋት እኔ ልተኛ?"

ወጣን። ባጃጁ ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ልጄ ገባች። እኔ እንደ ልማዴ ሾፌሩ አንድ ነገር እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅኩ።

"ይግቡ እንጂ እናቴ፣ ምን ይጠብቃሉ?"

"ቦታው ይበቃኛል?"

"ለእርስዎማ? ሌላ ሰው ልጨምርብዎት እችላለሁ!"

ገባሁ። ተማሪዋ ቦርሳዋን እንኳ አላነሣችም። በእኔና በብረቱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ እጄን አስገብቼ አየሁት። "ጌታ ሆይ ተመስገን!" አልኩ ጮክ ብዬ። ተማሪዋ ነገሩን ሳታውቅ "አሜን" አለች። ለቅጽበት እህቴንም ረሳኋት።

ከአስፋልቱ እስከ እህቴ ቤት መንገዱ አጭር ነው። እኔን ግን እግሬ መሐል ላይ ከዳኝ። ልጄ ደግፋኝ እንደምንም ደረስንና አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ ድምፃችንን ሰምታ ወጣች። ስታየኝ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

"ልጄን! ልጄን! ምን ሆነሽብኝ ነው?"

"እኔን ተዪኝ እትዬ። ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?"

"ሁሉም ነዋ! ከተማ ደርሶ የመጣ ሁሉ። እኔ አላመንኩም ነበር። አሁን ግን በዓይኔ አየሁ።"

"ምን አየሽ?"

"ከሳሽ!" አለችኝ፣ "ሳ"ን ጠበቅ አድርጋ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ስልክ ላይ ሲጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይ! ልጄ ከእኔ ቀድማ ገብቷት አጥሩን ይዛ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ትስቃለች።

"ምን ያስቅሻል አንቺ?" አለች እህቴ። "እናትሽ እያለቀች!"

"እማዬ እኮ አንቺን ሰይጣን ያሉሽ መስሏት ነው ስትበር የመጣችው!"

ነገሩ ሲነገራት እህቴ ለመሳቅም ለመቆጣትም ተቸገረች። በመጨረሻ ሳቀች። ቤት ገብተን ስለ ቀዶ ሕክምናው ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ።

"ሆድን እንደ ቀሚስ ያጠብቡታል እንዴ?"

"ያጠብቡታል። ስኳሬም ወርዷል፣ እትዬ። ጉልበቴን አያመኝም።"

"ታዲያ ለምን እንደ ጨርቅ ድንጋይ ላይ ወደቅሽ?"

እሷ ተነሥታ በትልቅ ሰሃን ቆጮና በቅቤ የተለወሰ አይብ አቀረበች። ይህን ሁሉ እንደማልችል ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

"ምን ያህል ነው የምትችዪው?"

መዳፌን አጥፌ አሳየኋት። ሰሃኑን አነሣችና እርጎ በትንሽ ማንኪያ ይዛ መጣች።

"ዛሬ ምን በላሽ?"

"ዛሬ ጾም ጸሎት ነበር።"

"ሐኪሙ ጹሚ ብሎሻል?"

"ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ብዪ ነው ያለኝ። እንቁላልና ዓሣ አስቀድሚ፣ ኪኒንሽን አታቋርጪ ብሎኛል።"

"እና?"

"ጌታን ላመሰግን ፈልጌ ነው።"

"ሙሴ ነሽ እንዴ? ጌታ እንድትድኚ መንገድ ሲከፍትልሽ አንቺ በረሃብ ትዘጊዋለሽ? በልተሽ አመስግኚው!" ማንኪያውን ወደ አፌ አቀረበች። "ሕፃን ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ። ትንሽ ቀምሰሽ ፊትሽን ታዞሪ ነበር። በማንኪያ ነው ያሳደግኩሽ።"

ዋጥኩት። ልጄም ሳቋን ተወች።

እህቴ በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን መጣች። መጀመሪያ ያደረገችው እኔን ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ደሜ ሲመረመር ብረት አንሶኝ ተገኘ፤ መድኃኒት ተጨመረልኝ። ቀጥላ ፓስተራችንን አነጋገረች፤ ረቡዕ ረቡዕ እየበላሁ እንድጸልይ ተስማሙ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር እየወረደች ትኩስ ዓሣ ታመጣለች። ሾርባ ትሠራለች፣ እንቁላል ትቀቅላለች፣ በሕፃን ሰሃን ታቀርብልኛለች። የጎረቤት ሴቶች "ምን ያህል ከስታለች!" ሲሉ እሷ ፈጠን ብላ "ገና ምን አይታችሁ!" ትላለች።

ብርታቴ በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ አዝማቹን ጨረስኩ። ቆይቶ ግድግዳውን ተውኩት። አንድ ቀን ወጥ ቤት ቆሜ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው መዘመሬን ያወቅኩት እህቴ ከጓሮ "አሜን!" ስትል ነው።

በሠርጉ ቀን ልብስ ሰፊው ደጋግሞ ያጠበበውን ቀሚስ ለበስኩ። መዘምራኑ ተነሡ። ለእኔ እንደ ወትሮው ወንበር አስቀምጠውልኝ ነበር፤ እህቴ መጥታ ይዛው ሄደች። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆመ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳነሣ ልጄ በቬሏ ውስጥ ሆና ስታለቅስ አየኋት፤ ጌታ ግን ያዘኝ። እስከ መጨረሻው ዘመርኩ። ቆሜ!

ከመድረኩ ስወርድ ከሩቅ የመጣች ዘመዳችን እጄን ያዘችኝ።

"ውይ፣ ከሳሽ!"

እህቴ ከኋላዬ ደረሰች።

"ከሳሽ አይደለችም" አለች፣ "ሳ"ን አላልታ። "ምስክር ናት።"

ዘመዳችን አልገባትም። እኔና እህቴ ግን ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈን ሳቅን። ከዚያ ያነሣችው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ከቦርሳዋ እርጎና ትንሿን ማንኪያ አወጣች።