ሦስተኛው ፎቅ ለምን ይዘገያል?

በደርግ ዘመን፣ በስደት በኖርሁባት አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሆቴል የሦስተኛው ፎቅ የጽዳት ሱፐርቫይዘር ነበርሁ። በሥሬ የሚሠሩት ሴቶች ሁሉም የአገሬ ልጆች ነበሩ፤ ክፍሎቻችን ግን ዘወትር ከሌሎቹ ፎቆች ዘግይተው ያልቁ ነበር። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ «ዛሬም ከዘገያችሁ ከሴቶቹ አንዷን አሰናብታለሁ» አለኝ።

አንዳቸውንም ላላስነካ ቆርጬ ተነሣሁ። ቁጥጥሩን አጥብቄ በየክፍሉ እመላለስ ጀመር። በገባሁ ቁጥር ግን የምንጣፍ መጥረጊያው ቫኪዩም ድምፁ ይቆማል፤ አልጋ የምታነጥፈውም ቀና ትላለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ባለቤትዎ ተሻላቸው?»

«ተሽሏታል፤ ሥራሽን ቀጥይ።»

እኔ ሳልወጣ የሚቀጥል የለም። ለታላቅ ሰው ጀርባ ሰጥቶ አልጋ ማንጠፍ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።

በመጨረሻ፣ ሳልታይ ልከታተላቸው ብዬ ፎጣና አንሶላ ከሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ገባሁና በሩን ገርበብ አደረግሁት። ኮሪደሩ ወዲያው ነፍስ ዘራ።

«አስቴር፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ ላግዝሽ?»

«ነይ፣ አንቺ ቀልቃላ!»

ሳቁና የጋሪው ድምፅ እየተከታተለ አልፎኝ ሄደ። አንድ ክፍል ብቻ ሲቀር በሩ በድንገት ተከፈተ። አስቴር ፎጣ ልትወስድ መጥታ፣ በአንሶላ ክምር መካከል ተሸጉጬ አገኘችኝ። ደንግጣ እጅ ነሣች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ከሁሉም ፎቅ ቀድመናል» አለች። «እባክዎን፣ ነገም እዚሁ ይዋሉልን።»

ፎጣዋን ይዛ፣ በሩን በአክብሮት ዘጋችብኝ።