እግሩ ያልተቆረጠ ካፓሲተር

አብነት ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ስሸጥ መጀመሪያ የተማርኩት እግር ማየት ነው። ከካፓሲተርና ከሬዚስተር የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ረጅም ከሆነ ዕቃው አዲስ ነው፤ ካጠረ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ነው። ስለዚህ ደንበኛን ሁሉ እመክር ነበር፦ «እግሩን አትቁረጡ፣ ነገ ነቅላችሁ ለሌላ ታውሉታላችሁ።»

አንዲት የኮሌጅ ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን ታቅፋ መጣች። ከአንቴና የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ የሚያጎላ ማጉያ ነው። ዕቃውን በሙሉ የገዛችው ከእኔ ነው፤ በማግስቱ መምህራኗ ፊት ታቀርበዋለች።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ፎርጅድ ነው! ጣቢያ አጉላ ስለው ራሱ ይጮኻል።»

ሱቄ ውስጥ ፎርጅድ ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። ከዚያው እሽግ የቀሩትን አውጥቼ በቴስተር ለካሁላት። ሁሉም ልክ ናቸው።

«ታዲያ ለምን ይጮኻል?»

እሱን ቴስተሩም እኔም አናውቅም። ዕቃ ሊገዙ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ቦርዱን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይሄ ማጉያ ነው ሸረሪት? ማነው እግሩን እንዲህ አንጨፍርሪ ያለሽ?»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መደርደሪያዬ ዞርኩ።

«ስማ አንተ፣» አሉኝ፣ «ለእጅ ባትሪ ቢሆን ግድ የለም። ለሬዲዮ ሞገድ ግን ትርፍ ሽቦ ሁሉ ራሱን የቻለ ዕቃ ነው። መውጫው ወደ መግቢያው ይመለስና ይጮኻል። ጭራሽ እግር የሌለው የለህም?»

ነበረኝ። ከተበላሹ ቴሌቪዥኖች ቦርድ ላይ ያሉ፣ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ካፓሲተሮች፤ ቦርዱን በኪሎ ልሸጠው ካርቶን ውስጥ ጥዬዋለሁ። ጽሑፍ ስለሌላቸው እየለካሁ መረጥኩላት። ሽማግሌው የመበየጃ ካውያውን ይዘው ባለ ረጅም እግሮቹን ካፓሲተሮች በእነሱ ተኩ። እሷ የሬዚስተሮቹን እግር በፒንሳ አሳጠረች፤ ቀጭ ባደረገችው ቁጥር አዲስ ዕቃ ዓይኔ እያየ ያረጃል።

ከሱቁ ሬዲዮ ጋር ስናገናኘው ጩኸቱ የለም። ሲንሾካሾክ የኖረው ጣቢያ ጥርት ብሎ የሽንኩርት ዋጋ ነገረን። ልጅቷ ምስጋናውንም በግማሽ ትታ ወደ ልደታ ታክሲ ሮጠች።

በማግስቱ ደወለች።

«አለፍኩ ጋሼ! መምህሩ ዕቃውን ማን መረጠልሽ አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ራሴ ነኝ አልኳቸው።»

በነጋዴነት ዘመኔ ሳልከራከር የተቀበልኩት ውሸት ያ ብቻ ነው።