አጎቴ ቶሎ እሺ ያለ ዕለት

አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔም እሱ ቤት ተቀምጬ፣ ቁልፍ እየተከልኩ ግጥም እሞነጫጭር ነበር።

መጀመሪያ መቀሱ ከእጁ መውደቅ ጀመረ። ቀጥሎ እግሩ ተጎተተ፤ ምላሱም ከበደው። ሐኪሙ «የነርቭ በሽታ ነው፤ እየባሰ ይሄዳል» አለን። ጠባዩም አብሮ እንደሚለወጥ ግን ማንም አልነገረን።

ያ ደንበኛ አስከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ቀሚሷ የጠበባትን ሴትዮ «እትዬ፣ መርፌ ምን ያድርግ? ፍትፍቱን ይቀንሱ!» አላት። ሐላዋ ካየ ከሕፃን እጅም ይቀማል። ድሮ ሚስቱን ራሷን ሲያማት ሱቅ ዘግቶ የሚመጣው ሰው፣ ወድቃ ክንዷ ሲያብጥ ቀና ብሎም ሳያይ «ምሳ ደረሰ?» አለ። ጎረቤቱ «ጠገበ» ብሎ አማው። እሷ ግን «እሱ አይደለም፤ በሽታው ነው» ትለኝና አገጩን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግለታለች።

ሰባተኛ ሰፈር የሚነግድ ጎረምሳ ለአጎቴ ሴት ልጅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ሲሰማ ቤቱ ተጨነቀ። ልጅቷ ትወደዋለች። የልጁ ወገኖች የአባቷን ሁኔታ ካወቁ ግን «በዘራቸው እብደት አለ» ብለው ይቀራሉ። ደግሞ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ካለ ልጁን አራከሰ ማለት ነው። ስለዚህ ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ አስጠናችው።

«ምን ትላቸዋለህ?»

«እንመክርበት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ጎሽ፣ የኔ ጌታ!»

ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደ ወጉ ቆሙ። ትልቁ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ አጎቴ ቀደመው።

«ልጄን ነው? ውሰዷት! ከወደደችው ቆይታለች። ሐላዋ አመጣችሁ?» አለና ይስቅ ጀመር። ሳቁን ማቆም አቃተው።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ስታለቅስ ሰማኋት። ሚስቱ ተነሣች።

«አባቶቼ፣ አልዋሻችሁም። ባሌ ታሟል። እጁን የያዘው በሽታ ጠባዩንም ወስዶታል። እብደት ግን አይደለም።»

ትልቁ ሽማግሌ አጎቴን አተኩሮ አየው። የራሱን የሰርግ ኮት የሰፋለት አጎቴ ነበር። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«ሰማችሁ? ልጄን በዋዛ አልሰጥም አለ።»

«ኧረ እሱ እኮ…» አለ አንዱ።

«አለ አልኩህ! ቀላል አባት መሰለህ? ገና ደጅ ያስጠናናል።»

ሳይቀመጡ ወጡ። በሳምንቱ መጥተው፣ አጎቴ ዳግመኛ «ውሰዷት» ሲላቸው፣ «ወይ ጭካኔ!» እያሉ ተመለሱ። በሦስተኛው ሳምንት ገና ከደጃፉ ሲያያቸው ጮኸባቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ አሁንም አልወሰዳችኋትም?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ፈቀደ!» አለ ትልቁ ሽማግሌ፤ ጫማውንም አውልቆ ገብቶ ተቀመጠ።