ክዳኑን የከፈትኩት ለአፍታ ነው

ጠቅላላ ወጪው አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር ነው፤ ምርመራው፣ መድኃኒቱና የሚኒባሱ ምልልስ ተደምሮ። የዓመቱ የሽምብራ ትርፌ ሙልጭ ብሎ እዚያው ገባ።

ስማዳ በሬ ልገዛ ሄጄ የአጥር ሽቦ የግራ እግሬን ትንሿን ጣት ወጋኝ። ስኳር ስላለብኝ ቁስሉ አልድን አለ፤ ጠቆረ፣ ሸተተ። ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ሐኪም መግሉን በመርፌ ቀድቶ አየር በማያስገባ ብልቃጥ ውስጥ ከደነው።

«ይህን ደብረ ታቦር ላብራቶሪ ያድርሱልኝ። የትኛው ጀርም እንደሆነ ቶሎ ካላወቅን ጣቷን አናተርፋትም። ደግሞ እንዳይከፍቱት!»

ሠላሳ ዓመት ስነግድ ዕቃ ሳላይ ተሸክሜ አላውቅም። ባቄላ እንኳ የምገዛው እጄን ጆንያው ውስጥ እስከ ክርኔ ከትቼ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ብልቃጡን ከፈት አድርጌ አየሁና ከደንኩት። ከኋላዬ ዶሮ የያዘች ሴት፣ «ጎበዝ፣ የሞተ ነገር ጭነናል እንዴ?» አለች። እኔም አፍንጫዬን ይዤ ዶሮዎቿን በጥርጣሬ አየኋቸው።

የላብራቶሪዋ ባለሙያ ክዳኑን እንዳየች ነቃችብኝ።

«ጋሼ፣ ከፍተውታል?»

«ለአፍታ ነው።»

«ይሄ ጀርም እኮ አየር ካገኘው ይሞታል!»

«ታዲያ እንዲሞት አይደል የምንፈልገው?»

«እግርዎ ላይ ያለው መች ሞተ? የሞተው ሊመሰክርልዎት የመጣው ነው።»

ይህን እስካሁን ለሚስቴ አልነገርኳትም።

ባለሙያዋ ምናልባት ይበቅል እንደሆነ ብላ ሁለት ቀን ጠበቀችው፤ ምንም አልበቀለም። እንደገና ከእግሬ ቀዳች። አሁን አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በቀለ። ከዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን መመርመሪያ አወጣች፤ ጥቃቅን ጉድጓዶች እንደ ገበጣ የተደረደሩበት ላስቲክ ነው። በየጉድጓዱ የተለያየ ምግብ አለ፤ ጀርሙ የበላበት ቀለሙ ይለወጣል። ቀለሞቹን ከሰንጠረዥ ጋር ታስተያያለች።

«በሚበላው ነው የምናውቀው» አለችኝ።

«እኔም ደንበኞቼን የማውቃቸው እንደዚያው ነው።»

ሳቀች። ስሙን ብትነግረኝ እስከ ቅድመ አያቱ የተጠራ ይመስል ረጅም ነው። አስጻፍኳትና ለሐኪሙ ይዤ ተመለስኩ፤ ወረቀቱን አልከፈትኩም።

ሐኪሙ አነበበና መድኃኒቱን ለወጠ። ከዚያ ጣቷን ነካ ነካ አደረጋት፤ አልተሰማኝም።

«እግርዎ ይድናል። ለእሷ ግን ዘግይተናል፣ ትቆረጣለች።»

ማን እንዳዘገየ አልጠየቀም። ጨዋ ልጅ ነው።

ቀሪ፦ በቀኝ አምስት፣ በግራ አራት።